ከወምበር በር እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ የጎንደር ማስታወሻ

ሐሙስ

ጎንደር ሲባል ሰው ሁሉ ግንቡን ያስባል። እኔ ዘንድሮ የሄድኩት ለቢሮ ነው። የራሴ ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም፤ ከተማይቱ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ ከየት ሆና እንደተዳደረች፣ ያንንም የሚናገር ድንጋይ ወይም ሰሌዳ ካለ ለማየት ነው። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ አያስቸግርም። ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለውን ማዘጋጃ ቤት ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1957 ዓ.ም. እንደተመረቀ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። የማያውቀውም ከሩቅ አይቶ «ማዘጋጃ» ብሎ ያልፋል። ጎንደር ላይ ግን ይወሳሰባል፤ ከንቲባ የሚባለው ሹመት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ ነበረና።

ከባሕር ዳር የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። የፎገራን ሜዳ ስንይዝ ፀሐይ ወጣች፤ ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈልና አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል፣ እኛ አዲስ ዘመንን ይዘን ወደ ላይ። እንፍራዝ አካባቢ ጉዛራ ከኮረብታው ላይ ጉብ ብሏል፤ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ነው፣ ከፋሲል ግንብ ግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ይቀድማል። አጠገቤ የተቀመጡትን እናት «ይሄ የማን ግንብ ነው እማማ?» ብላቸው፣ «የፋሲል ነዋ! የማን ሊሆን ነው?» አሉኝ። በዚህ አገር ድንጋይ በኖራ ከተያያዘ ለፋሲል ይጻፋል። ለሠርፀ ድንግል የሚከራከርለት የለም፤ እኔም በዚያ ሰዓት አልተከራከርኩለትም።

ማክሰኝትን አልፈን፣ አዘዞን አልፈን፣ ጎንደር ገባን። ባጃጅ ይዤ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። «እንኳን ደኅና ገባህ የኔ ጌታ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለችኝ። የመጣ ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ከሲታ ነው። ባለቤቷ ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቡናው እየተቆላ «ደግሞ አሁን ምን ልታይ መጣህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማዘጋጃ ቤት» አልኳቸው።

«ሰው ጎንደር መጥቶ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው የቤት ካርታ ሲጠፋበት ነው» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን፣ «ከሆነማ ከወምበር በር ጀምር። ፒያሳ ስትሄድ ግን እኔን ይዘህ ነው» አሉ።

ዓርብ

ጋሼ እንዳሉኝ ከግቢው ጀመርኩ። መጀመሪያ ጃን ተከል ቆምኩ፤ ከፋሲል ግቢ ፊት ያለው አደባባይ ነው፣ ትልቁ ዋርካ ያለበት። ጥላው ሥር ሰው ይቀጣጠራል፣ ሊስትሮ ጫማ ይጠርጋል፣ ሽማግሌ ጋቢውን አጣፍቶ ቁጭ ይላል። በነገሥታቱ ዘመን መንግሥት ሊናገር ሲፈልግ ድንጋይ ላይ አይጽፍም፤ ነጋሪት ያስመታና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ያሰኛል። ሞት የተፈረደበትም ከግቢው ፊት ባለ ዛፍ ላይ ይሰቀል ነበር። የዛሬው ዋርካ ሥር ቡና የሚጠጣ ሰው ይህን ሁሉ ማስታወስ የለበትም፤ ቡናውም አይጣፍጠውም።

የግቢው ቅጥር ዙሪያው ዘጠኝ መቶ ሜትር ይሆናል፤ አሥራ ሁለት በር አለው ይባላል። አስጎብኚዎች በሮቹን በችኮላ ያልፏቸዋል፣ ቱሪስቱ የቸኮለው ለፋሲል ቤተ መንግሥት ነውና። እኔን ግን የያዙኝ በሮቹ ናቸው። ወምበር በር፣ የዳኞቹ። ባልደራስ በር፣ የፈረሰኛው አለቃ። እምቢልታ በር፣ የእምቢልታ ነፊዎቹ። አደናግር በር፣ የፈታዮቹ። ተዝካሮ በር፣ ለነገሥታቱ ተዝካር የሚገባበት። አዛዥ ጥቁሬ በር ደግሞ በአንድ ሹም ስም የቀረ። እነዚህን ስሞች በተርታ ብታነባቸው ዛሬ ቢሮ ስትገባ ከመግቢያው ላይ ተለጥፎ የምታገኘው የክፍሎች ዝርዝር ናቸው፤ ፍትሕ ክፍል፣ መከላከያ፣ ፕሮቶኮል፣ ግምጃ ቤት። ጎንደር ማዘጋጃ ቤት ሳይኖራት አልቀረችም፣ በቅጥር ዙሪያ በትናው ነበር።

ወምበር በርን ሳይ የመጣብኝ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የተወው ወሬ ነው። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ብዙ ወራት ኖሯል። በቤተ መንግሥቱ ደጅ ቀኑን ሙሉ «ጃንሆይ! ጃንሆይ!» እያለ ፍትሕ የሚጮህ ሰው አይጠፋም ይላል። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ክረምት ሆኖ መንገዱ ሲዘጋና እውነተኛ ባለጉዳይ ሲጠፋ፣ የተበደለ መስሎ የሚያለቅስ ተቀጥሮ ይጮህ ነበር። ንጉሥ አቤቱታ ካልሰማ የነገሠ አይመስለውም ማለት ነው። ብሩስ የሰማውን ሁሉ አጣፍጦ የሚያወራ ሰው ነበር፤ ይህን ግን አምነዋለሁ። ደጅ ጥናት በደማችን ያለ ነገር ነው፤ የሚጠናው ደጅ ነው በየዘመኑ የሚለዋወጠው።

ከፋሲል ቤተ መንግሥት ፊቴን አዙሬ ወደ ጻድቁ ዮሐንስ ሕንፃዎች ሄድኩ። ዮሐንስ የፋሲል ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በ1660 ዓ.ም. ሲያርፉ ነገሡ። በግቢው ውስጥ ሁለት ሕንፃ ለእሳቸው ይጻፋል፤ አንደኛው ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ጽሕፈት ቤት። ከሌሎቹ ግንቦች አጠገብ ሲቆሙ ትንንሽ ናቸው። ሰው ፎቶ የሚነሳው ከአራቱ ማማዎች ጋር እንጂ ከጽሕፈት ቤት ጋር አይደለም። እኔ ግን ጎንደር ላይ «ቢሮ» የምለው ይህንን ነው። ጳጳስና ንጉሥ የሚጻጻፉበት፣ ርስት የሚመዘገብበት፣ ሹመትና ሽረት የሚጻፍበት ሥራ ከዚህ ዓይነት ቤት ውጭ አይሠራም።

ዮሐንስ ደግ ንጉሥ ስለነበሩ ጻድቁ ተባሉ። በነገሡበት ዓመት የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ያወጣው ውሳኔ ለሁሉም ደግ አልነበረም፤ ፈረንጆቹ ካቶሊኮች አገር ለቀው እንዲወጡ፣ እስላሙና ፈላሻውም ከክርስቲያኑ ተለይቶ በየሰፈሩ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ከቀሃ ወንዝ ጋር የሚዋሰነው የዛሬው አዲስ ዓለም እስላም ቤት ይባል የነበረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ በየትኛውም የጉብኝት ገለጻ ላይ አልሰማሁትም። ነገ ፒያሳ ላይ ስለ ሌላ የሰፈር ክፍፍል እንደምንነጋገር ስለማውቅ በማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት።

ከእኔ ትንሽ ፈንጠር ብሎ አንድ አስጎብኚ ለተማሪዎች ያስረዳል። «ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ» ሲል ልጆቹ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. አላለም። እኛ 1979 ስንል ለደርግ ሕገ መንግሥት ድምፅ የሰጠንበት ዓመት ነው፤ ግቢው የተመዘገበው በእኛ 1972 ነው። ከተማይቱ የተቆረቆረችበትም እንዲሁ ነው። 1636 ብለው ይጽፋሉ፤ አማርኛ አንባቢ ዓ.ም. ነው ብሎ ከወሰደው በስምንት ዓመት ይስታል፣ በእኛ 1628 ነው። ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ለማን እንደሚጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን አለበት። እንግዳው የራሱን ቁጥር በመጽሐፉ ይዞ ይመጣል፤ የአገሬው ልጅ ግን ከድንጋዩ ላይ ያነበበውን አምኖ ነው ቤቱ የሚገባው። አስጎብኚውን ጠጋ ብዬ በትሕትና ነገርኩት፤ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. እጨምራለሁ» አለኝና ጨመረ። ጋሼ መባሌን ለመዋጥ ግን ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ከመውጣቴ በፊት የኢያሱን ቤተ መንግሥት ዞርኩ። በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል፤ በ1704 እ.ኤ.አ. የምድር መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በኋላም እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ሊያስወጡ ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በያዙበት ዘመን በግቢው ግንቦች ላይ በሲሚንቶና በብረት ጥገና አድርገዋል። ሲሚንቶ ደግሞ ከጥንቱ ኖራ ጋር አይስማማም፤ ውኃ ያፍናል፣ ድንጋዩን ያስጨንቃል። ኋላ ላይ የመጣው የጥገና ሥራ ወደ ኖራ መመለስ ነበረበት። አንድ አገር ሌላውን ይዞ ቅርሱን «ሲጠግንለት» የሚሆነው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ

ጋሼ ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው፣ ኪዳን አድርሰው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ጠበቁኝ። ፒያሳ በእግር ወጣን። ቅዳሜ ስለሆነ ገበያተኛው ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፤ ዶሮ የያዘ፣ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸከመ። ፒያሳ ግን ገና ካፌዎቹ ወንበር እያወጡ ነው።

ጋሼ ፖስታ ቤቱ ፊት ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዕድሜዬን እዚህ ማኅተም መታሁ» አሉ። ባርኔጣው ለሕንፃው ይሁን ለዕድሜያቸው አልጠየቅኳቸውም።

የጎንደርን ፒያሳ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ጥጎቹ በክብ የሚዞሩ፣ ጣራቸው ጠፍጣፋ፣ መስኮታቸው በረድፍ የተሰለፈ፣ ቢጫ ቀለም የተቀቡ ቤቶች ናቸው። የጣሊያኑ የጦር አዛዥ የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱን ለስድስት ሲከፍል ጎንደርን የአማራው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። የከተማዋን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎሬንስ አርክቴክት ነው፤ ከዚህ ሄዶ ቲራናን፣ የአልባኒያን ዋና ከተማ ነደፈ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። ፕላኑ ፋሲል ግቢን አልነካም፤ እንዲያውም ከጎዳናው ሲታይ እንዲያምር አስቦበታል። ያገሬውን ሰው ግን ከዓይኑ አራቀው፤ ነጭ የሚኖርበትና ጥቁር የሚኖርበት ሰፈር ተለየ።

«ታዲያ ይሄንን ነው ሰሌዳ እንዲደረግለት የምትፈልገው?» አሉ ጋሼ። ማኪያቶ አዝዘን ተቀምጠናል።

«ሕንፃው ታሪክ አለው፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው ቢጻፍ ምን ይጎዳል?» አልኳቸው። «ፋሽስት እኮ የራሱን ዓመት ይቆጥር ነበር ጋሼ፣ ሮም ከገባበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ። ሕንፃው ላይ የሚጽፈውም ያንን ነው። እኛ ዝም ካልን የሚቀረው የእሱ ቁጥር ነው።»

«ማን ሠራው ስትል እኮ ስሙን የምታነሳው የነደፈውን ነው። ድንጋዩን የተሸከመው የጎንደር ልጅ አይደል? የሱን ስም ከየት ታመጣለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ዝም አልኩና የትናንቱን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሰፈር መለየት ቦዚዮ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም፣ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመንም እስላሙ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተወስኖ ነበር አልኳቸው። ጋሼ ተቆጡ። ዮሐንስ በሃይማኖት ነው፣ ጣሊያን በቆዳ ነው፣ አንድ አይደለም አሉ። እኔም አንድ ነው አላልኩም። ግን ሰሌዳ የሚጻፍ ከሆነ ሁለቱም ይጻፉ፤ አንዱን ብቻ መጻፍ የሌላውን ዝም ማሰኛ ይሆናል። በዚህ አልተስማማንም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

የተስማማነው በሌላ ነገር ነው። አገሪቱ የድል በዓሏን የምታከብረው ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት። በዚያን ዕለት ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያኑ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናዚ ጦሩን ይዞ እዚህ መሸገ፤ ወልቂፊት መስከረም ላይ ተለቀቀ፣ ኩልቋበር ኅዳር ላይ በብዙ ደም ተያዘ፣ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጇን ነጻ አወጣች። ናዚ የሰጠው እጅ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ነው። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ከስድስት ወር በላይ አልፏል። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ውብነህ ተሰማን፣ ሕዝቡ አሞራው የሚላቸውን፣ ጨምሮ የበጌምድር አርበኞች ከእንግሊዞቹ ጦር ጎን ቆመው ተዋግተዋል።

«ይሄን ነው የሚጻፍ!» አሉ ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ሚያዝያ 27ን ሁሉም ያውቃል። ኅዳር 18ን ያንተ ትውልድ የሚያውቅ አለ?»

አስተናጋጇን ጠየቅናት። ወጣት ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። «የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው?» አለች። ጊዮርጊስ 23 ነው። ጋሼ አዝነው «እሷ ምን ታድርግ፣ ማን ነገራት» አሉ።

ከፒያሳ ስንወርድ የዐፄ ቴዎድሮስን ሐውልት አለፍን። ጦራቸውን ይዘው ቆመዋል። የቋራው ካሣ ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያው በስማቸው ነው፣ ሐውልታቸውም እዚህ። እኒሁ ቴዎድሮስ ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋታል፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጫኑ፣ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ እንግሊዝ ከመቅደላ ያገኘውን ወደ ለንደን ጫነው። ዛሬ የጎንደርን ብራና ለማየት የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ተመራማሪ ያለው ለዚህ ነው። ከተማይቱ ያቃጠላትን ንጉሥ ሐውልት አቁማለች፤ እንደ እኔ ይህ ቂም አለመያዝ ሳይሆን፣ ቴዎድሮስን መውደድ ከጎንደር በላይ የሆነ የአገር ጉዳይ ስለሆነ ነው። ጋሼ ደግሞ «የኛ ልጅ ነው፣ ልጅ ቤቱን ያቃጥላል» ብለው ዘጉት።

እሑድ

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለቅዳሴ ሄድን። ከጣራው ላይ የሚያዩህን የኪሩቤል ፊቶች ከዚህ በፊት ጽፌያቸዋለሁ፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ። ደርቡሽ ጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ይህች ተረፈች። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ። ቅጥሩ አጠገብ የቆሙትን አባት «አባ፣ ይሄ የተጻፈበት ቦታ አለ?» አልኳቸው። «ምን ይጻፋል ልጄ፣ ንቡን የማያውቅ አለ?» አሉኝ። ከትናንቱ የኅዳር 18 ነገር ጋር ሳስተያየው፣ ከተማው የሚይዘውና የሚጥለው በምን እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ንቡን አያት ለልጅ ልጅ ታወራዋለች፤ የጦር አዛዥ እጅ የሰጠበትን ቀን የሚያወራ የለም።

ምሳ አክስቴ ቤት ነበር። ዶሮ ወጥ፣ የጎንደር ጠላ፣ ድፎ ዳቦ። ጎረቤቶች መጡ። ወሬው እንዴት እንደዞረ አላውቅም፣ ደርግ ዘመን ላይ ደረሰ። ጎንደር በቀይ ሽብር ያየችውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እናቶች በአስተዳዳሪው በመላኩ ተፈራ ስም ያወጡት የምልጃ ግጥም ዛሬም በመላው አገር ይባላል። አንዷ ጎረቤት ልትለው ጀመረችና መሐል ላይ ተወችው። አክስቴም ጠላ ቀዳችላት። ከእነዚያ እናቶች ግጥም የበለጠ በዚህ ከተማ የቆመ መታሰቢያ አላየሁም፤ አክስቴ ሌላ ወሬ አመጣች፣ እኛም ተከተልናት።

ሰኞ

ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። «ዛሬ ማዘጋጃ ቤትህን እናያለን፣ ግን ባዶ እጃችንን አንሄድም» አሉኝ።

መንገድ ላይ እኔ ከነጋሪት ጋዜጣ የገለበጥኩትን አነበብኩላቸው። ጎንደር ነጻ ከወጣች ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የአስተዳደር ድንጋጌ ወጣ። ድንጋጌው ጠቅላይ ግዛቶቹን፣ አውራጃዎቹን፣ ወረዳዎቹን አደራጀ፤ ከተሞቹ ጋ ሲደርስ ግን ከንቲባ እንዲሾምላቸው ያዘዘው ለሁለት ብቻ ነው፣ ለአዲስ አበባና ለጎንደር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74ም እንዲሁ ሁለቱን ማዘጋጃ ቤት ሲላቸው ሌሎቹን ከበታች አደረጋቸው። አዲስ አበባ የመንግሥት መቀመጫ ናት፣ ይገባታል። ጎንደር ግን በዚያን ጊዜ የጦር ፍርስራሽ ናት፤ ከዚያ በፊት ጣሊያን፣ ከዚያ በፊት ደርቡሽ፣ ከዚያ በፊት ቴዎድሮስ አልፎባታል። ክብሩ የተሰጣት ከንቲባ የሚባለውን ሹመት ከዘመነ ነገሥት ጀምራ ይዛው ስለቆየች ይመስለኛል። በምኒልክ ዘመንም ጎንደር ከንቲባ ነበራት፤ አውሮፓ ተምረው የተመለሱት ገብሩ ደስታ ከንቲባ የተባሉት በዚህችው ከተማ ነው፣ ኋላ የአዲስ አበባም ሆነዋል።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ታዲያ እነዚህን ሁለት ቀኖች አንድ ላይ ማድረግ ነው» አሉ። «ኅዳር 18 ነጻ ወጣች፤ ነሐሴ ላይ ከንቲባዋን አገኘች። አለቀ።» እኔ ስለ ቦዚዮ፣ ስለ ዮሐንስ፣ ስለ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ገጽ ሙሉ አስቤ ነበር። እሳቸው ሁለት መስመር አደረጉት። የእሳቸው ይሻላል፤ ቆሞ የሚነበብ ነገር ረጅም ሊሆን አይችልም።

ማዘጋጃ ቤቱ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል። ግብር የሚከፍል፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ልደት የሚያስመዘግብ፣ ፋይሌ ጠፋ የሚል። ደጁ ላይ ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጋሼ አንዱን መርጠው ወንበር ሳቡ። ጸሐፊው ካርቦኑን ከሁለት ወረቀት መሐል አገባና «ስለ ምን ጉዳይ ነው አባባ? የይዞታ ነው?» አላቸው።

«የመታሰቢያ ነው።»

«የሟች ስም?»

«የሞተ የለም!» አሉ ጋሼ። «የከተማው ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ጻፈ። እጁ የሚያምር ነበር። «ለጎንደር ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ጎንደር። ጉዳዩ፦ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲደረግ ስለመጠየቅ።» ጋሼ እየተናገሩ እሱ እየጻፈ፣ ኅዳር 18 ጋ ሲደርስ ብዕሩን አነሳ። «በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ?»

«በእኛ ነው» አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ።

መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ልታልፈው ነው ብዬ ነበር። አላለፈችውም። ደግማ አነበበችው። «ሰሌዳው የሚሰቀለው የት ላይ ነው? ቦታውን አልጻፋችሁም» አለች።

«ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ» አሉ ጋሼ ሳያመነቱ።

«ፖስታ ቤቱ እኮ የእኛ አይደለም አባባ፣ የፌዴራል ነው። እኛ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት አንችልም።»

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት ቤት ነው፤ የማን እንደሆነ ከእሷ በላይ ያውቃሉ። ትንሽ አሰቡ። «ፊት ለፊቱ ያለው መንገድስ? አስፋልቱን ያነጠፋችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«እሱማ የእኛ ነው።»

«እንግዲያው መንገዱ ዳር ይተከል።»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ከማመልከቻው ግርጌ በእስክርቢቶ «ቦታ፦ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤት ፊት ለፊት፣ የመንገድ ዳር» ብላ ጨመረች፤ ማኅተም መታች፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ቅጂውንም ለጋሼ መለሰች። ጋሼ ማኅተሙን ከብርሃን ጋር ገጥመው አዩትና «በደንብ አልረገጠም፣ ቀለሙን ጨምሪበት» አሏት።